ማስተካከያ፦ ፔምበርተን በኮካ ኮላ አልከበረም

ባለፈው ስለ ኮካ ኮላ አጀማመር ስጽፍ «ጆን ፔምበርተን ኩባንያውን መሥርቶ ከበረ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ።

ፔምበርተን የአትላንታ መድኃኒት ቀማሚ ነው። ኮካ ኮላ የሚዘጋጅበትን ሽሮፕ የሠራው በ1886 እ.ኤ.አ. ነው። መጠጡ እዚያው ከተማ፣ ጄኮብስ ፋርማሲ ውስጥ፣ ብርጭቆው በ5 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ሰውየው ግን ሀብቱን አላየውም። ታሞ፣ ገንዘብም አጥሮት፣ ድርሻውን ቆራርሶ ሸጠና በ1888 ሞተ። ኩባንያውን በ1892 ያቋቋመው አሳ ካንድለር የተባለ ነጋዴ ነው።

ስሙንም ያወጣው ፔምበርተን አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛው ፍራንክ ሮቢንሰን ነው። ያንን ሁላችንም የምናውቀውን ጠምዘዝ ያለ ጽሑፍ የጻፈውም እሱ ነው።

«ካንድለር በጠርሙስ መሸጥ ጀመረ» ያልኩትም ልክ አይደለም። በ1894 መጀመሪያ ጠርሙስ ውስጥ የከተተው በሚሲሲፒ፣ ቪክስበርግ ከተማ የከረሜላ ነጋዴ የነበረው ጆሴፍ ቢደንሃርን ነው። ካንድለር ለጠርሙስ ብዙም ግድ አልነበረውም። በ1899 በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል በጠርሙስ የመሸጥ መብቱን ለሁለት የቻታኑጋ ከተማ ጠበቆች በ1 ዶላር ለቀቀላቸው። አዎ፣ በአንድ ዶላር! እሷንም ቢሆን አልተቀበለም ይባላል።