ይድረስ ለክቡር ተንቀሳቃሽ ፍሎፒ ድራይቭ

ቁጥር፦ መዝገብ ቤት ከምሳ ሲመለስ ይሞላል
ጉዳዩ፦ ባለፈው እሑድ በጉባኤ ፊት ስላዋረድከኝ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከፒያሳ እስከ አዘዞ መሳቂያ ከመሆኔ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እድርተኛው በሙሉ ተሰብስቦ ነበር። አንዲት እናታችን ባላቸው ካረፉ ወዲህ የቤቱን ካርታ በስማቸው ለማዞር ደጅ እየጠኑ ነው። ቢሮው ደግሞ እሳቸውና ሟች ከስንት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በባልና ሚስትነት እንደተመዘገቡ እድሩ ይጻፍልኝ ብሏል። መዝገቡን ዝናብ በልቶታል። የቀረው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቀድሞው ጸሐፊ ያኔ ጽፈው ያስቀመጡት አንድ ፍሎፒ፣ ያ ፋይል የሚቀመጥበት የድሮ የኮምፒውተር ዲስክ ነው። «ልጃችን ኮምፒውተር ያውቃል» ተባለና አንተን፣ የዲስኩን ማንበቢያ፣ ታቅፌ ቀረብኩ።

ሰካሁህ። ዲስኩን ዋጥክ። ክርርር አልክ። ቀጥሎ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ስክሪኑ ላይ አንድ መልእክት ብቅ አለ። የእድሩ ዳኛ «ምን ይላል ልጄ? ለሁላችን አንብበው» አሉ። ምን ላድርግ፣ ወደ አማርኛ መልሼ አነበብኩት፦ ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም (ገና ያልተሰናዳ፣ ባዶ ነው ማለቱ ነው)፤ አሁን ፎርማት ይደረግ?

«ታዲያ በትሕትና ጠየቀህ እኮ» አሉ ዳኛው። «እሺ በለው እንጂ!»

እሺ ካልነው ያለው ሁሉ ይጠፋል አልኩ። አንድ አዛውንት ከኋላ ተነሡ። «ባዶ ነው እያለ ምኑ ነው የሚጠፋው?» እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። ሌላው «ድምፅ ይሰጥበት!» አለ፤ እጅ መውጣት ጀመረ። የገዛ ታሪኩን ለማጥፋት በአብላጫ ድምፅ የሚወስን እድር አይቼ አላውቅም። እኔ እጅ ሲቆጠር ሳይ፣ የአንዱ የልጅ ልጅ በብብቴ ሥር ሾልኮ «እሺ» የሚለውን ተጫነው።

ያዳኑን ሟቹ ጸሐፊ ናቸው። ዲስኩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ከፍተው ነው ያለፉት። እሷ ክፍት ከሆነች ማንበብ እንጂ መጻፍም ማጥፋትም አይቻልም። ኮምፒውተሩም «አይቻልም» አለ። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ሰፈር ውስጥ ስሜ «ፎርማት» ነው።

ቤት ወስጄ ፈታሁህ። ያገኘኝ ሁሉ «ቀበቶው ነው» ይለኛል። የላስቲክ ቀበቶ ያላቸው የድሮ ድራይቮች አሉ፤ ላስቲኩ ሲያረጅ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል። አንተ ግን ቀበቶ የለህም። ሞተርህ ዲስኩን ራሱ ነው የሚያዞረው፣ በደቂቃ 300 ጊዜ፤ እሱም ሲዞር አየሁት። ቀጥሎ ማንበቢያ ራሶችህን በአልኮል ጠረግኩ። ጎረቤቴ ዳግም አረቄ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ግማሹ ውሃ ስለሆነ ለራስህ አይሆንም አልኩት፤ ለራሱ ሆነለት። የላይኛውን ራስ ብዙ ማንሳት አያስፈልግም፣ አሰላለፉ ከተዛነፈ ዕቃው አበቃለት።

ጉዱ የተገኘው ራሶችህን ወዲያ ወዲህ የምታስኬደው ቀጭን ብሎን ላይ ነው። ቅባቱ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ዲስኩ በየገጹ 80 ክብ መስመር አለው። ማውጫው፣ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚናገረው ሁሉ፣ የተጻፈው ዳር ላይ፣ በዜሮኛው መስመር ነው። አንተ እዚያ ድረስ መሄድ አቅቶህ መንገድ ላይ ቆመሃል። ጠቅ ጠቅ ያልከው ለዚህ ነው። ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኖራ ያስጣበቀው ድንጋይ ዛሬም አለ፤ የአንተ ቅባት ግን አንድ ትውልድ መሻገር አቃተው።

ድካም ያለ ነው፣ ይቅር እንበል። ግን ለምን «ባዶ ነው» አልክ? «አልደረስኩም» ብትል ምን ነበረበት? «አላየሁም» እና «የለም» አንድ ናቸው?

ይህን ከማን እንደተማርክ አውቃለሁ። እኚያ እናት ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ተራቸው ሲደርስ «ፋይልዎ የለም» ተብለዋል። የቢሮው ሰውዬ ከወንበሩ አልተነሣም። መደርደሪያው ከጀርባው ነው። ዞር ብሎ እንኳ አላየም። አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት፣ የወለዱበትን፣ ባላቸውን የሸኙበትን ቤት፣ አንገቱን ማዞር የሰነፈ ሰው «የለም» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «እሺ ልጄ፣ ነገ ልምጣ?» ይሉታል። እኔ ብሆን እሺ አልልም ነበር። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ይዘው ደረጃውን ወረዱ።

ወደ አንተ እንመለስ። ሌላም ቂም አለኝ። ሆድህ 1.44 ሜጋባይት ነው፤ የስልኬ አንድ ፎቶ አይገባብህም። ዲስኩን ስትተፋ ክዳኑን ታጣምማለህ። ጃፓን እንኳ በ2024 እ.ኤ.አ. ፍሎፒ አምጡ የሚሉትን ደንቦቿን ከሞላ ጎደል ሰርዛ ጨርሳለች። እዚህ ግን ጡረታ የሚያስወጣህ ጠፋ።

ለማንኛውም የደረቀውን ቅባት ጠርጌ፣ አራዳ ገበያ ካለ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት ለምኜ ጠብ አደረግኩልህ። አነበብክ። ፋይሉ ተከፈተ። ሲከፈት ግን ከላይ እስከ ታች የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ነው! ያኔ የግዕዝ ፎንቶች የሚጻፉት በላቲኑ ፊደል ቦታ ነበርና ፎንቱ ከሌለ አማርኛው አይታይም። እሱንም ማራኪ ሰፈር ካለ አንድ ወዳጄ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አገኘነው። የባልና ሚስቱ ስም፣ የገቡበት ዓመት፣ የከፈሉት ሁሉ ቁልጭ ብሎ አለ። አትመን፣ ማኅተም መትተን አስገባን።

ሰውየው ወረቀቱን ገልበጥ አደረገው። «ይሄ ኮፒ ነው» አለ። «ዋናውን አምጡ።»

ዋናው አንተ ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ወረፋው ላይ እንገናኝ። ሁለት ጉርድ ፎቶና የታደሰ መታወቂያ እንዳትረሳ።

ከሰላምታ ጋር
«ፎርማት»

ግልባጭ፦
ለእድሩ ዳኛ
ለልብስ ሰፊው፣ ከምስጋና ጋር
ለመዝገብ ቤት (ካለ)