የማትሰምጥ መርከብ ሳይሆን ጊዜ የምትሰጥ መርከብ እንጠይቅ

የማትሰምጥ መርከብ መሥራት ይቻላል፤ ትንሽ እስከሆነች ድረስ። ሆዷ ውሃ በማያስገባ ፎም የተሞላ ጀልባ ለሁለት ብትቆረጥ እንኳ አትሰምጥም፤ እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ከተሠሩ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ትልቋን መርከብስ? ብረት ከውሃ ይከብዳል፤ መርከቧን የሚያንሳፍፋት በውስጧ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ሰውም ጭነትም የሚገባው እዚያው ነው። ቦታውን በፎም ከሞላነው መስመጧ ይቀራል፤ መጫኗም አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ መሐንዲሶች ባዶውን ቦታ በግድግዳ ይከፋፍሉታል። ዘዴው ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1862 ግሬት ኢስተርን የተባለችው ግዙፍ መርከብ ኒውዮርክ አቅራቢያ ከዐለት ጋር ተጋጭታ ከ20 ሜትር በላይ ተቀደደች፤ ሆኖም ውስጠኛው ድርብ ግድግዳዋ ውሃውን ስለያዘላት ወደብ ገባች። ታይታኒክ ግን በ1912 እንዲህ አልቀናትም። ከ16 ክፍሎቿ የፊተኞቹ 4 ቢሞሉ እንኳ ትንሳፈፍ ነበር፤ የበረዶ ግግሩ ከዚያ በላይ ከፈተባት። ግድግዳዎቿም እስከ ላይ ስላልደረሱ፣ አፍንጫዋ ሲዘቀዝቅ ውሃው በአናታቸው እየፈሰሰ ከክፍል ወደ ክፍል ተሻገረ። 1,500 ያህል ሰው አለቀ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእህቷ የብሪታኒክ ዕጣ ነው። ከታይታኒክ አደጋ ትምህርት ተወስዶ ግድግዳዎቿ ከፍ ተደረጉ፣ ጎኗም ተደረበ። በኖቬምበር 1916 የሆስፒታል መርከብ ሆና በኤጂያን ባሕር ስትጓዝ የባሕር ፈንጂ መታት። የሕሙማን ክፍሎችን ለማናፈስ የታችኞቹ ክብ መስኮቶች ተከፍተው ነበር። መርከቧ ስታዘነብል መስኮቶቹ ወደ ውሃው ወረዱ፤ ባሕሩ በእነሱ ገባ። በ55 ደቂቃ ውስጥ ሰመጠች። ታይታኒክ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቆይታ ነበር። በተሻለ ጥንቃቄ የተሠራችው መርከብ በፍጥነት ሰመጠች ማለት ነው። ደግነቱ ቀን ነበር፣ ባሕሩም አልቀዘቀዘም፤ የሞቱት 30 ናቸው፣ ከ1,000 በላይ ሰዎች ተርፈዋል።

በ1987 ከቤልጂየሟ የዜብሩጅ ወደብ የተነሳችው፣ መንገደኛም መኪናም የምትጭነው ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ የተባለች መርከብ ደግሞ የፊት በሯ ሳይዘጋ ወጣች። የመኪና ማቆሚያ ፎቋ ከዳር እስከ ዳር ገላጣ ነበር። የገባው ውሃ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ በደቂቃዎች ውስጥ ገለበጣት፤ 193 ሰዎች ሞቱ። ጀልባ ለማውረድ ፋታ አልነበረም።

ስለዚህ ማንም መርከብ ሠሪ «አትሰምጥም» ቢለኝ ጥያቄዬ «ስትጎዳ ስንት ደቂቃ ቀጥ ብላ ትቆማለች?» የሚል ነው። ዓለም አቀፉ የመርከብ ደኅንነት ደንብ ወደዚህ አቅጣጫ መሄድ ጀምሯል። ከጁላይ 2010 ወዲህ የሚሠሩ ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች፣ የእሳት ወይም የውሃ መግባት ጉዳቱ ከተወሰነ ልክ ካላለፈ፣ በራሳቸው ኃይል ወደብ መመለስ እንዲችሉ ያስገድዳል። እሳቱ ከዚያ ልክ ካለፈ ደግሞ ሰው እስኪወጣ ዋና ዋና መሣሪያዎች ለ3 ሰዓት መሥራት አለባቸው። ለእሳት የተሰጠው ይህ ሰዓት ውሃ ለሚገባባት መርከብም ይሰጥ። ከ2010 በፊት የተሠሩት የመንገደኛ መርከቦችም ሲጎዱ ስንት ደቂቃ ቀጥ ብለው እንደሚቆሙ ይሰላላቸው፤ ቁጥሩን መንገደኛው ከመሳፈሩ በፊት የማወቅ መብት ይኑረው።