ሌሊቱን ማን ይረከብ?

እኔ በምኖርበት በካናዳዋ ኦንታሪዮ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲሠሩ ያደሩ ሐኪሞች በማግስቱ በቀጠሮ ያከናወኗቸውን ቀዶ ሕክምናዎች የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። 38,978 ታካሚዎችን ያካተተው ይህ ጥናት፣ በ30 ቀናት ውስጥ የሞቱ፣ ተመልሰው ሆስፒታል የተኙ ወይም ሌላ ችግር የተከተላቸው ሕሙማን ሐኪማቸው ሲሠራ ካደረ 22.2 ከመቶ፣ ካላደረ ደግሞ 22.4 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።

ከዚህ ተነሥቶ የሐኪም ድካም ጉዳት የለውም ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ይመስለኛል። የተጠኑት የቀጠሮ ሥራዎች ናቸው፤ በጣም የደከመው ሐኪም ቀጠሮውን ማስተላለፍ ይችላል፣ ሰመመን ሰጪውና ነርሶቹም ብዙውን ጊዜ ሌሊቱን ተኝተው የመጡ ናቸው። እኔ በቁጥሩ ውስጥ የማየው በሐኪሙ ዙሪያ ያሉትን ሰዎች ነው።

በአገራችን የወረዳ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናውን ሸክም በአብዛኛው የተሸከሙት፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከጤና መኮንንነት ተነሥተው በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ለሦስት ዓመት የሚሠለጥኑት ባለሙያዎች ናቸው። ማሕፀኗ የተተረተረባት እናት፣ ትርፍ አንጀቱ የፈነዳበት ወጣት፣ አንጀቱ የታጠፈበት ገበሬ ሁሉም ወደ እነርሱ ይመጣሉ። አንዳንዱ ሆስፒታል ያለው ባለሙያ አንድ ወይም ሁለት ብቻ በመሆኑ፣ ሌሊቱን በቀዶ ሕክምና ያሳለፈው ሰው ጠዋት የሚያስረክበው ተረኛ አያገኝም፤ ምጥ የጠናባትን እናት ደግሞ ነገ ነይ ማለት አይቻልም።

የሌሊት ውጤት ሲከፋም ጥፋቱን በእንቅልፍ ማጣት ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚደርሰው ታማሚ ብዙ ጊዜ ቀኑን መኪና ሲፈለግለት የዋለና ሕመሙ የጠናበት ነው።

ኒውዮርክ፣ ሊቢ ዛዮን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. በ1984 ሆስፒታል ውስጥ ከሞተች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የሬዚደንቶችን (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞችን) ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት ወሰነች፤ የአውሮፓ ኅብረት ጣሪያ በአማካይ 48 ሰዓት ነው። ይህን ሕግ እንዳለ ብንወስደው ሰዓቱ ሲሞላ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይዘጋል። ስለዚህ ሁለተኛና ሦስተኛ ባለሙያ መቅጠር፣ የዲዩቲ ክፍያንም በወቅቱ መክፈል ከሕጉ ይቀድማል። ከውጭ በበጎ ፈቃድ የሚሄዱ ሐኪሞቻችንም፣ ድካማቸውን ከልቤ ባከብርም፣ በአብዛኛው የቀን ቀጠሮ ሥራ ሠርተው ይመለሳሉ፤ ተገቢውን ፈቃድ አውጥተው ከሚቆዩባቸው ሌሊቶች ጥቂቱን ከወረዳው ባለሙያ የሚረከቡበትን መርሐ ግብር እንዲያዘጋጁ አጥብቄ እጠይቃቸዋለሁ።