የ307 ዓመት ናፍቆት

ዘመን ከፋ፣ ሰው ዘመዱን ረሳ እያሉ የሚያላዝኑ አሉ። እነሱ የሳን ሆሴን ነገር አልሰሙም። እኔ ከሰማሁ ወዲህ በሰው ልጅ ፍቅር ላይ የነበረኝ ጥርጣሬ በኖ ጠፍቷል።

ሳን ሆሴ የስፔን የጦር መርከብ ነበረች። በፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 8 ቀን 1708፣ ዛሬ ኮሎምቢያ በምንለው አገር፣ ካርታኼና ወደብ አቅራቢያ ከእንግሊዝ መርከቦች ጋር ስትታኮስ ሰጠመች። ከደቡብ አሜሪካ የተሰበሰበ ወርቅ፣ ብርና ኤመራልድ የሚሉትን አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ጭናለች። 600 ያህል ሰውም አሳፍራ ነበር። የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከዚያ ባሕሩ ተከደነባት። የሙት ዓመቷን ያሰበላት ጎረቤት ስለመኖሩ አልሰማሁም።

በዲሴምበር 2015 የኮሎምቢያው ፕሬዚዳንት ሁዋን ማኑኤል ሳንቶስ «አገኘናት» ብለው አወጁ። ጭነቷን 17 ቢሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ ያደረሱት ገማቾች አሉ። ያኔ ነው ናፍቆቱ የገነፈለው። ሎተሪ የወጣለት ሰው ቤት እንኳ ዘመድ እንዲህ አይግተለተልም።

ኮሎምቢያን አስቀድሜ ላመስግን። በ1708 ኮሎምቢያ የምትባል አገር አልነበረችም። ይህ ግን ፍቅሯን አላቀዘቀዘውም። ከመወለዷ መቶ ዓመት ቀድማ የሰጠመችውን መርከብ በ2020 «የአገር ቅርስ» ብላ ደነገገች። ከውኃ ጋር የዘር ሐረግ መቁጠር ለሁሉም አይሰጥም።

ስፔንስ? ስፔን ለቅሶ ላይ ናት። መርከቧ የጦር መርከቤ ናት፣ ባንዲራዬን እንደያዘች ነው የሰጠመችው፣ የልጆቼም መቃብር ናት ትላለች። ሕጉም ያግዛታል። የጦር መርከብ ቢሰጥምም የባንዲራው አገር ንብረት ሆኖ ይቀራል የሚል የቆየ መርህ አለ። ልቤን የነካው ግን ሕጉ አይደለም፣ ሐዘኑ ነው። በባሕር ያለቀው የስፔን መርከበኛ ስፍር ቁጥር የለውም። እንባው ግን ብር የጫነችዋ ላይ ሲደርስ ይበረታል። እንዲህ አድራሻውን የሚያውቅ እንባ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ዘመድ ሲ ሰርች አርማዳ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ቦታዋን በ1980ዎቹ መጀመሪያ አግኝተናል፣ ግማሽ በግማሽ ልንካፈልም ተስማምተን ነበር ይላል። ከዚያ ኮሎምቢያ ሕግ አወጣችና የአግኚውን ድርሻ 5 በመቶ አደረገችው። በዚያ ላይ የ45 በመቶ ግብር ጣለችበት። ሲቀናነስ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። የእኛን ሰፈር የቁርጥ ግብር ገማቾች የሚያስቀና ሒሳብ ነው። ነገሩ ከችሎት ችሎት እየዞረ ኔዘርላንድስ፣ ዘ ሄግ ካለው ዓለም አቀፍ የግልግል ችሎት ገባ። ኩባንያው 10 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ጠየቀ። ኮሎምቢያም መልስ አላት፦ እናንተ ባላችሁት ቦታ መርከቧ የለችም። እና የት ናት? እሱማ የመንግሥት ምስጢር ነው። እስከዚያው ግን እግራቸውን ውኃ ሳይነካው ከዚህች መርከብ እንጀራ የሚበሉትን ጠበቆች አለማድነቅ ንፉግነት ነው።

በነገራችን ላይ መርከቧ ያለችው ከ600 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ነው። ሰው ጠልቆ የሚደርስባት አይደለችም። ያገኛት ሬመስ 6000 የተባለ ሮቦት ነው። እስካሁን የባለቤትነት ጥያቄ አላቀረበም። አስተዳደጉ ጥሩ ነው።

እንግሊዝም ዝም ብላለች። መድፉን የተኮሰችው እሷ ሆና ሳለ! በ1868 ከመቅደላ ጭና የወሰደችውን ዕቃ ይመለስ ይሆን እያልን ለምንጠብቅ ሰዎች ይህ ዝምታ ግራ ያጋባል። አሟት ይሆን?

ይህ ፍቅር ድንገት የመጣ እንዳይመስላችሁ። ኑዌስትራ ሴኞራ ዴ ላስ ሜርሴዴስ የምትባል የስፔን መርከብ በ1804 ፖርቱጋል አቅራቢያ እንዲሁ ከእንግሊዞች ጋር ስትታኮስ ፈንድታ ሰጥማ ነበር። በ2007 ኦዲሴይ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ 594,000 ያህል ሳንቲም አወጣና በአውሮፕላን ወደ ፍሎሪዳ አሻገረው። ስፔን ከሰሰች፣ ረታችም። በ2012 ሳንቲሞቹ በወታደራዊ አውሮፕላን ስፔን ገቡ። 17 ቶን ናፍቆት! ዕቃ ጭነውባት የነበሩ ነጋዴዎች ዘሮችም ችሎት ቀርበው ነበር። ፔሩም ሳንቲሙ ሊማ ውስጥ የተቀረጸ ነው አለች። ሁሉም በጨዋ ደንብ ተሸኙ።

ዩኔስኮ በ2001 አንድ ስምምነት አውጥቷል። ከመቶ ዓመት በላይ ውኃ ውስጥ የቆየ ቅርስ ለንግድ አይቸብቸብ ይላል። ስፔን ገብታበታለች፣ ኮሎምቢያና አሜሪካ አልገቡም። ልክ ናቸው። ፍቅርን በወረቀት ማሰር ምን ያደርጋል?

ከፔሩ ዕጣ መማር ያቃታቸው ግን የቦሊቪያ ነባር ሕዝብ የሆኑት ቃራ ቃራዎች ናቸው። ሳን ሆሴ የጫነችው ብር አገራችን ካለው ከፖቶሲ ተራራ የወጣ ነው፣ የቆፈሩት አባቶቻችን ናቸው፣ ያውም ተገደው፣ ስለዚህ ድርሻ አለን ይላሉ። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። አንዱ ባንዲራ አለኝ፣ አንዱ ውኃው የእኔ ነው፣ አንዱ ቦታውን እኔ ነኝ ያሳየሁት እየተባባሉ በሰላም ይሟገቱ ነበር። በመሐል ገብቶ ብሩን ማን ቆፈረው ማለት ምን የሚሉት ነውር ነው? እንዲህ ከተጀመረማ ማቆሚያ የለውም። ነገ ስንት ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ ይባላል። ከነገ ወዲያ የአውሮፓ ነገሥታት ዘውድና መቅረዝ ከምን ተሠራ ሊባል ነው። ባንዲራ ማስረጃ ነው። ውል ማስረጃ ነው። ሳንባ ውስጥ የቀረ አቧራ በየትኛው ችሎት ማስረጃ ሆኖ ያውቃል?

በኖቬምበር 2025 ኮሎምቢያ ከመርከቧ የመጀመሪያዎቹን ዕቃዎች አወጣች። አንድ መድፍ፣ አንድ የፖርሴሊን ሲኒና ሦስት ሳንቲም። መድፉንና ሲኒውን እንተዋቸው፣ ለእነሱ ያለቀሰ የለም። ችግሩ ሳንቲሙ ሦስት ነው፣ ዘመዱ አራት። ብደምረው ባካፍለው እምቢ አለኝ። ቃራ ቃራዎቹን ስሰርዛቸው ልክ መጣ።