ኮዱን ጠይቁኝ እንጂ!

ዛሬም ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ በታክሲ ሄጄ ለፕሮግራመር ሥራ ኢንተርቪው ተቀመጥኩ። ሌሊቱን ስለ ዳታቤዝ ሳነብ ነው ያደርኩት። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «አግብተሻል?» ቀጥሎ ደግሞ «ስትወልጂ ሥራውን እንዴት ልታደርጊው ነው?» ከእኔ በፊት የገባው የክፍሌ ልጅ፣ ያውም የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን አብረን የሠራነው፣ ስለ ኮድ ብቻ ተጠይቆ ወጣ። እሱን ማን ስለ ሚስት ጠየቀው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እኮ ሴትን በፆታዋ ምክንያት በቅጥር ማበላለጥን ይከለክላል፤ የወሊድ ፈቃዱንም 120 ቀን ብሎ አስቀምጦታል። ታዲያ እኔን ስለ ባልና ስለ ልጅ ለምን ይጠይቁኛል? በጣም ነው የተናደድኩት። የሠራሁትን ሲስተም ላፕቶፔን ከፍቼ ላሳያችሁ ብላቸው «ይበቃል እህቴ፣ እንደውልልሻለን» ብለው ሸኙኝ።