ማስተካከያ፦ የሰርኑ ውጤት ግኝት አልነበረም

ሰርን በተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል የሚካሄደው፣ ቅንጣቶችን አጋጭቶ የሚያጠናው የኤልኤችሲቢ ሙከራ «አምስተኛውን የተፈጥሮ ኃይል አገኘ» ተብሎ በዚህ ዓምድ የወጣው መረጃ እንደሚከተለው ይታረም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ይፋ የሆነው ከሚታወቁት አራት ኃይሎች ውጭ ሌላ ሊኖር እንደሚችል የሚጠቁም ፍንጭ ብቻ ነበር። ቢ ሜሶን የተባለው ቅንጣት ሲፈርስ ካዮን ከተባለ ሌላ ቅንጣት ጋር የሚወጡት ጥንድ ሙዮኖች (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመዶች) ከጥንድ ኤሌክትሮኖች ያነሱ መስለው ታዩ፤ ምጥጥኑ 0.85 ገደማ ሆነ፤ ስታንዳርድ ሞዴል የተባለው የቅንጣቶችና የኃይሎች ንድፈ ሐሳብ የሚጠብቀው ግን ወደ 1 የተጠጋ ነው። ልዩነቱ 3.1 ሲግማ (ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ መሆን አለመሆኑ የሚመዘንበት መለኪያ) ሲሆን ለግኝት የሚጠየቀው 5 ነው፤ ርዕሱ የቸኮለው እዚህ ላይ ነው። በታኅሣሥ 2022 ቡድኑ ራሱ ባወጣው አዲስ ትንተና፣ ኤሌክትሮን ተብለው ከተቆጠሩት መካከል ሌሎች ቅንጣቶች መቀላቀላቸው ታወቀ። ይህ ሲስተካከል ምጥጥኑ ከሞዴሉ ጋር ተስማማ። ፍለጋው ግን አልተዘጋም፤ ሙዮኖቹ የሚወጡበት የማዕዘን ስርጭት አሁንም ከስሌቱ ጋር በሚገባ አልገጠመም።