ድኖ የተመለሰ ተማሪ ለምን ይረሳል?

«አንብቦ አንብቦ አበደ።» ይህን ሳይሰማ ያደገ ሰው ያለ አይመስለኝም። በየሰፈሩ በትምህርቱ ጎበዝ የነበረ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የታመመ አንድ ልጅ አይጠፋም። ሲሻለው ደግሞ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚነግረው «ካሁን በኋላ መጽሐፍ እንዳትነካ» የሚል ነው።

መጽሐፉ ግን ጥፋት የለበትም። ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር የተባሉት የአእምሮ ሕመሞች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ባለው ዕድሜ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚገባውም በዚሁ ዕድሜ ነው። እርግጥ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት፣ ጫት ሲታከልበት ደግሞ ይብሱን፣ ሕመሙን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ማንበብ በራሱ ግን ማንንም አላሳበደም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ልጁ ይታከማል። ይሰማው የነበረው ድምፅ ይጠፋል፣ እንቅልፉ ይስተካከላል። ዊዝድሮዋል (የማቋረጫ ፎርም) ሞልቶ ወደወጣበት ግቢ በሪአድሚሽን (በዳግም ቅበላ) ይመለሳል። ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ ዳነ» ይላል። እሱ ላይብረሪ ቁጭ ብሎ አንድ ገጽ ሀንድአውት ያነባል። ገጹን ሸፍኖ ለራሱ ሊናገረው ሲሞክር ምንም የለም። እንደገና ያነባል፤ አሁንም የለም። መምህሩ አንድ ነገር አስረድቶ ሳይጨርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። ከሕመም የተመለሰ አንድ ተማሪ ደብተሩን አሳይቶኝ ያውቃል። ከላይ እስከ ታች በሃይላይተር ቢጫ ሆኗል። የትኛው እንደሚቀርለት፣ የትኛው እንደሚያመልጠው ስለማያውቅ ሁሉንም አቅልሞታል። «ጭንቅላቴ አልቋል» አለኝ። አንጀቴን በላው።

ጭንቅላቱ አላለቀም። ትኩረትና የማስታወስ ችሎታ መዳከም የሕመሙ አንዱ ክፍል ነው። በስኪዞፍሬኒያ ድምፁና ጥርጣሬው በመድኃኒት ሲበርድም ይህኛው ብዙ ጊዜ ይቀራል። በድባቴም ስሜቱ ከተስተካከለ በኋላ ለወራት ሊቆይ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው መጀመሪያ ነገሩን መያዙ ነው። በትኩረት ያልተያዘ ነገር ደግሞ በፈተና ቀን ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው ምክንያት መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ጉዳይ በቂ አይወራም። ድምፁንና ጥርጣሬውን የሚያበርዱ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች ሰውነት ሊያገትሩ፣ እጅ ሊያንቀጠቅጡ ይችላሉ። ይህን ለማስታገስ አርቴን የሚባል መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። አርቴን አሴቲልኮሊን የተባለውን፣ ለማስታወስ የሚያስፈልገውን የአንጎል ኬሚካል ሥራ ያግዳል። በአገራችን ለዚህ የቆየ ምሳሌ አለ። በአብነት ትምህርት ቤቶች አእምሮ ይከፍታል ተብሎ አብሾ የሚጠጣበት ልማድ ነበር። አብሾ አስተናግር ከሚባል ተክል እንደሚዘጋጅ ይነገራል። አስተናግር ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን የሚሠራው ልክ አሴቲልኮሊንን በማገድ ነው። ተመራማሪዎች በጤነኛ ሰው ላይ ጊዜያዊ የመርሳት ችግር መፍጠር ሲፈልጉ የሚሰጡት እሱኑ ነው።

ይህን ያነበበ ተማሪ ዛሬ ማታ አርቴኑን እንዳይጥል እለምናለሁ። መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቆም ሕመሙን ሊመልስ ይችላል፤ ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ደግሞ ትምህርቱ የባሰ ይጎዳል። ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን መጠየቅ መብት ነው። «ተማሪ ነኝ፣ ያነበብኩት አይያዝልኝም፣ አርቴኑ አሁንም ያስፈልገኛል ወይ? መጠኑ ሊቀንስ ይችላል?» ማለት ይበቃል። ዲያዜፓምና አሚትሪፕቲሊንም ማስታወስን ሊያዳክሙ ስለሚችሉ፣ እነሱን የሚወስድም እንዲሁ ይጠይቅ። ወረፋው ረጅም፣ ሐኪሙ ጋ ያለው ጊዜ አጭር እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ መሄድ ነው።

አጠናኑም መቀየር አለበት። ደጋግሞ ማንበብና መሸምደድ ለጤነኛውም ብዙ አያተርፍም። የሚጠቅመው ገጹን ዘግቶ ከአእምሮ ለማውጣት መታገል፣ ከዚያም ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ መመለስ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ ሰው የተማረውን በምን ፍጥነት እንደሚረሳ በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳተመው እ.አ.አ. በ1885 ነው። የአብነት ተማሪዎች ግን ማታ ማታ በጨለማ፣ ያለ መጽሐፍ፣ በቃላቸው እየደጋገሙ ሲያጠኑ ኖረዋል። አብሾውን ትተን ይህን ብንወስድ ምን አለበት? ከሕመም የተመለሰ ተማሪ ለዶርም ጓደኛው ጮክ ብሎ ያስረዳ። ሌክቸሩን አስፈቅዶ በስልኩ ይቅዳ። ቀጠሮውንና አሳይንመንቱን ለአላርም ይተው። ከሁሉ በላይ ይተኛ። ለፋይናል ብሎ ማደር ለሌላው ድካም ነው፤ ለእሱ ግን ወደ ሆስፒታል መመለሻ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን ዩኒቨርሲቲው ካላገዘው ብዙ አያራምደውም። ሪአድሚሽን ፎርም ላይ ማህተም ይመታል፤ ከዚያ ልጁ እንደማንኛውም ተማሪ ሙሉ ኮርስ ተሸክሞ ይጀምራል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ዋርኒንግ፣ ቀጥሎ ዲስሚሳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ከዓመታት በፊት የተማረውንም ይጠይቃል። መሐል ላይ ታሞ ላቋረጠ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አይከብድም።

ፈተናው ይቅለልለት አላልኩም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን የረጅም ጊዜ የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል። ለከፍተኛ ትምህርትም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ያስገድዳል። ማየት ለተሳነው ተማሪ አንባቢና ተጨማሪ ሰዓት ሲሰጥ ማንም ውጤቱን አይጠራጠርም። የማስታወስ ችሎታው ለተዳከመም ተጨማሪ ሰዓት፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት ወይም ሦስት ኮርስ ብቻ ይሰጠው። ምረቃው አንድ ዓመት ቢዘገይ ይዘግይ። የሐኪም ወረቀቱም በየመምህሩ እጅ መዞር የለበትም። አንድ የታመነ ሰው ብቻ ይየው፤ ለመምህራኑ የሚደርሳቸው «ይህ ተማሪ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠው» የሚል ደብዳቤ ብቻ ይሁን። ይህን ለመጀመር የዲፓርትመንት ኃላፊውና ሬጅስትራሩ ከሚቀጥለው ምዝገባ በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ ይበቃል።